የባልና የሚስት እሽቅድምድም በቴሌቪዥን

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተሰማ ንግግር)



ባለፈው ሳምንት በተማሪዎች ማረፊያ አዳራሽ ተሰብስበን አንድ አሮጌ የአሜሪካ የቴሌቪዥን ቀልድ አይተን ነበር። ስሙ «አይ ላቭ ሉሲ» ይባላል፤ በኤውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1951 እስከ 1957 ዓ.ም. የታየ ነው። እኛ ያየነው ክፍል በ1952 የቀረበው ነው። ስንስቅ አመሸን፤ ከሳቁ በኋላ ግን ክርክር ተነሣ። ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው ያንን ክርክር ለጉባኤው ለማቅረብ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሉሲ በባንክ ከሌለው ገንዘብ ላይ ቼክ ስለ ጻፈች ባልዋ ሪኪ ይቆጣል። ገንዘብ ማግኘት ይከብዳል ወይስ ቤት ማስተዳደር? በዚህ ይሟገቱና ከጎረቤቶቻቸው ከፍሬድና ከኤተል ጋር ሆነው ሥራ ይለዋወጣሉ። ወንዶቹ ማጀት ገቡ፤ ሴቶቹ ቸኮሌት ፋብሪካ ተቀጠሩ። ሪኪ ለአራት ሰው አራት ፓውንድ፥ ማለት ወደ ሁለት ኪሎ የሚጠጋ ሩዝ ጣደ፤ ሩዙም ገንፍሎ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ሉሲና ኤተል ደግሞ በሞተር በሚሄድ ቀበቶ ላይ የሚመጣውን ቸኮሌት እየጠቀለሉ እንዲያሳልፉ ታዘዙ፤ አንድ ሳይጠቀለል ቢያልፍ እንደሚባረሩ ተነገራቸው። ቀበቶው ሲፈጥንባቸው ቸኮሌቱን በአፋቸው፥ በቆባቸውና በጉያቸው ሸሸጉት። አለቃይቱ ግን ባዶውን ቀበቶ አይታ ሥራው የተሳካላቸው ስለ መሰላት ይበልጥ እንዲፈጥን አዘዘች። በመጨረሻ ሁለቱም ወገን ተሸነፈ ተባለ፤ ባሎቹም ለየሚስቶቻቸው ቸኮሌት በሣጥን ገዝተው መጡ። ሁሉም ወደ ቀድሞ ቦታው ተመለሰ።

እኛ ግን ፍርዱ እኩል ለእኩል አልመሰለንም። ሪኪን ማንም አላስቸኮለውም፤ የጣለው አለማወቁ ነው። ሴቶቹን የጣላቸው ግን የሰው እጅ የማይደርስበት ፍጥነት ነው፤ በዚያ ቀበቶ ፊት ወንድ ቢቆም ኖሮ ያው ይደርስበት ነበር።

ደግሞም ከመጋረጃው በስተ ኋላ ያለውን እንይ። ሉሲን ሆና የተጫወተችው ሉሲል ቦል ሪኪን ከሆነው ከእውነተኛ ባልዋ ከዴሲ አርናዝ ጋር «ዴሲሉ» የተባለው ኩባንያ ባለቤት ነበረች። በ1960 ተፋቱ፤ በ1962 የእርሱን ድርሻ ገዝታ የኩባንያው ፕሬዚዳንት ሆነች። ከጨዋታው ጸሐፊዎችም አንዷ ማድሊን ፒዩ የተባለች ሴት ነበረች። እንግዲህ በቴሌቪዥኑ «ቦታሽ ማጀት ነው» የተባለችው ሴት ከቴሌቪዥኑ ውጭ ኩባንያ ታስተዳድር ነበር። «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለውን ተረት የምንወድ ሰዎች ይህን ምን እንለዋለን?

በዚያ ምሽት አንዲት እኅታችን፥ «እናንተ በሩዙ የምትስቁት ለአራት ሰው ስንት እንደሚበቃ ታውቃላችሁን?» ብላ ጠየቀችን። ወንዶቹ እርስ በርሳችን ተያየን፤ እጁን ያነሣ አንድ ሰው ብቻ ነበር።

ጓደኞቻችን፥ ቀበቶው በእኛም መካከል አለ። ከቤቷ የምትመላለሰው እኅታችን ቡና አፍልታ፥ ወጥ ሠርታ፥ ታናናሾቿን አስተኝታ ነው መጽሐፍ የምትገልጠው። ወንድሟ ግን ከእራት በቀጥታ ወደ ጥናቱ ይሄዳል። ፈተና ሲደርስ የሁለቱን ውጤት አስተያይተን «እርሱ በለጠ» እንላለን። እርስዋ ድካሟን ሸሽጋ ፈገግ ስትል ደግሞ እንደዚያች አለቃ «ችላዋለች» ብለን እንጨምርባታለን። መነሻው አንድ ያልሆነ ሩጫ እንዴት ውድድር ሊባል ይችላል?

በማኅበራችንም ግብዣ በተደረገ ቁጥር ቡናውና ምግቡ ለሴቶች፥ የሰብሳቢነቱ ወንበር ለወንዶች ሆኖ ኖሯል። ይህን ሥርዓት ማንም ድምፅ ሰጥቶ አላጸደቀውም፤ ዝም ብለን ለምደነው ነው። ስለዚህ ከሚመጣው ግብዣ ጀምሮ ወንበሩም ምድጃውም በዕጣ እንዲደለደል ለጉባኤው ሐሳብ እናቀርባለን። ሩዙ ቢገነፍል ወለሉን አብረን እንጠርጋለን።