እንኳን አደረሳችሁ፦ ከባንኮኒው ወዲያና ወዲህ

(በደራ ከተማ ለነጋዴ ወንድሞችና እህቶች የተደረገ ንግግር፤ ለዚህ መድበል አንባብያን እንዲስማማ ሆኖ የቀረበ)



 

ውድ አንባቢ ሆይ! ይህን መድበል ከጎረቤትህ ተውሰህ የምታነብ የሌላ እምነት ተከታይ ከሆንክም አክብሮቴ ይድረስህ፤ የዛሬው ነገሬ አንተንም ይመለከታልና።

እንደሚታወቀው ደራችን ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ አዋሽ መልካሳን አልፈው የሚያገኟት የንግድ ከተማ ናት። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አንድ ገበያ ይወጣል፤ ከአንድ ሱቅ ዱቤ ይወስዳል። በዚህ ኑሮ ውስጥ ቀላል የሚመስል አንድ ጥያቄ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ሲያነጋግረን ቆይቷል። ሙስሊም ባለሱቅ ለክርስቲያን ደንበኛው በበዓሉ ሰሞን «እንኳን አደረሰህ» ይበለው ወይስ አይበለው? በሱቁ በር ላይስ የገናን ወይም የፋሲካን ስም ጽፎ ይስቀል፣ ወይስ «እንኳን ለበዓሉ አደረሳችሁ» ብሎ ስሙን ሳይጠራ ይለፈው?

እኔ ነጋዴ እንጂ ዓሊም አይደለሁም፤ ፈትዋ ለመስጠትም አልተነሳሁም። በራሴ ሱቅ የደረሰውን ላጫውትህና አብረን እናስብበት።

ነገሩ የሆነው በ2014 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ፋሲካ ሚያዝያ 16፣ ዒድ አልፈጥር ደግሞ ሚያዝያ 24 ቀን ዋሉ። ስለዚህ የፋሲካ ዋዜማ ቅዳሜ ዕለት እኛ በረመዳን የመጨረሻ ቀናት ውስጥ ነበርን። ከባንኮኒው ወዲያ ጾመኛ፣ ከባንኮኒው ወዲህም ጾመኛ። የእህቴ ልጅ ሱቁን ይዞ ሳለ አንዲት በዕድሜ የገፉ ክርስቲያን ጎረቤታችን ለዶሮ ወጥ የሚሆን ሽንኩርትና ዘይት ሊገዙ መጡ። እኚህ እናት እኔ ሱቅ ከከፈትኩ ጀምሮ በየዒዱ ቤቴ መጥተው «እንኳን አደረሳችሁ» ሳይሉ ቀርተው አያውቁም። በዚያን ቀን ሒሳባቸውን ከከፈሉ በኋላ ጥቂት ቆሙ። ልጁ ግን አቀርቅሮ ሚዛኑን ይጠርግ ጀመር። «ደህና ዋል ልጄ» ብለው ሄዱ።

ማታ ከኢፍጣር በኋላ ልጁ ራሱ ነገረኝ። «ጋሼ፣ የሃይማኖታቸውን በዓል እንኳን አደረስዎ ማለት አይፈቀድም ሲባል ሰምቻለሁ። አላህን ፈርቼ ነው ዝም ያልኩት» አለኝ። አልተቆጣሁትም። አላህን ፈርቶ ዝም ያለን ልጅ መቆጣት ለእኔም ከበደኝ። ከዘጠኝ ቀን በኋላ ዒድ ሆነ። በሩን ባየው ባየው እኚያ እናት አልመጡም።

አንባቢ ሆይ! የልጁ ሥጋት መሠረት የለውም እንዳትል። ኢብኑል ቀዪም «አሕካሙ አህሊ ዚማህ» በተሰኘው ኪታባቸው ለሌሎች እምነት መለያ የሆኑ ሥርዓቶችን አስመልክቶ የደስታ መግለጫ መስጠት ክልክል መሆኑን ጽፈዋል፤ በቅርብ ዘመን ከነበሩትም ሸይኽ ኢብን ዑሠይሚን ይህንኑ አጽንተዋል። በሌላ በኩል ሸይኽ ዩሱፍ አልቀረዳዊ ይመሩት የነበረው የአውሮፓ የፈትዋና የጥናት ምክር ቤት፣ በእምነታቸው ሥርዓት ሳይካፈሉና ከኢስላም ጋር የሚጋጭ ቃል ሳይናገሩ ለጎረቤትና ለሥራ ባልደረባ መልካም ምኞትን መግለጽ እንደሚቻል አስታውቋል። መነሻቸውም ሁለት አንቀጾች ናቸው። አንደኛው በሱረቱል ሙምተሒና 8ኛው አንቀጽ ሲሆን፣ በሃይማኖት ምክንያት ላልተዋጉንና ከአገራችን ላላፈናቀሉን ሰዎች በጎ መዋልንና ፍትሐዊ መሆንን አላህ እንደማይከለክለን ያስገነዝባል። ሁለተኛው በሱረቱ ኒሳእ 86ኛው አንቀጽ ሲሆን፣ ሰላምታ ሲቀርብልን በተሻለ ወይም በተመሳሳይ እንድንመልስ ያዝዛል። እንግዲህ ዑለማእ በተለያዩበት ጉዳይ አንዱ ሌላውን በእምነቱ ሊጠረጥረው አይገባም።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር ልብ እንበል። የእነዚህ ሊቃውንት ክርክር በአብዛኛው የተነሳው በዐረብኛ ወይም በአውሮፓ ቋንቋዎች በሚነገረው የመልካም ምኞት ቃል ላይ ነው። እኛ የምንለው ምንድን ነው? «እንኳን አደረሳችሁ»። ያደረሰው ማን ነው? ፈጣሪ ነው። የደረሰው ማን ነው? ሰውየው ነው። በኦሮምኛም «በጋ ነጋን ጌሰን» ስንል ያው ነው፤ በሰላም መድረሳችሁ መልካም ሆነ ማለታችን ነው። ቃሉ የበዓሉን ትምህርት አያጸድቅም፤ የዓመት ሰው መሆንን ያመሰግናል። እኚያ እናት ባለፈው ዓመት ታመው ነበር። ለዘንድሮ መድረሳቸውን የምናመሰግነው ማንን ነው? መልሱን ለአንተ እተወዋለሁ።

«አንድ ቀን እንኳን አደረሳችሁ፣ በማግስቱ ደግሞ ሃይማኖት መቀላቀል ይመጣል» የሚል ሥጋትም አለ። በዚህ ረገድ አባቶቻችን የኖሩበትን እንመልከት። በአገራችን የሙስሊሙና የክርስቲያኑ እርድ ለየብቻ ነው፤ ሥጋ ቤቱም ለየብቻ ነው። ሙስሊሙ በዒድ ክርስቲያን ወዳጁን ሲጠራ በግ ሰጥቶ ራሱ እንዲያርድ ያደርገዋል፤ ወይም ሥጋ የሌለበት ምግብ ያቀርብለታል። ክርስቲያኑም በገና ለሙስሊም ጎረቤቱ እንዲሁ ያደርጋል። በትውልዶች መካከል «እንኳን አደረሳችሁ» ሲባባሉ የኖሩ ሰዎች የአንዳቸውን ሥጋ አንዳቸው ሳይቀምሱ ኖረዋል። ስለዚህ ሰላምታው ድንበሩን አላፈረሰውም። ድንበሩ የታወቀ ስለሆነ ሰላምታው አላስፈራቸውም።

አሁን ደግሞ ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንምጣ። ስሙን እንጥራ ወይስ «ለበዓሉ» ብለን እንለፍ?

ይህ ክርክር በእኛ ብቻ ያለ አይደለም። በአሜሪካ ትላልቅ መደብሮች የገናን ስም ትተው «መልካም በዓላት» ማለት ሲጀምሩ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 አንዳንድ የክርስቲያን ማኅበራት ከእነዚህ መደብሮች አትግዙ የሚል ጥሪ አደረጉ። ዋልማርት የተባለው ግዙፍ መደብር በ2006 የገናን ስም ወደ መጥራት ተመለሰ። በኢንዶኔዥያ ደግሞ ነገሩ በሌላ በኩል መጣ። አንዳንድ መደብሮች ሙስሊም ሠራተኞቻቸውን የገና ባርኔጣ ያስደርጓቸው ስለነበር፣ የአገሪቱ የዑለማእ ምክር ቤት በ2016 ሙስሊም ሠራተኛ የሌላ እምነት መለያ እንዲለብስ ማዘዝ ክልክል ነው ሲል ፈትዋ አወጣ። አንዱ አገር ስሙ ለምን ተተወ ብሎ፣ ሌላው አገር ለምን ተገደድን ብሎ ተከራከረ። ሁለቱም ጥያቄዎች ደራ ላይ አሉ።

ስለ ስም ከተነሳ፣ የራሳችንን ታሪክ አንርሳ። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ እጅግ ብዙ ሕዝብ አደባባይ ወጣ። ሙስሊሞች «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» መባላችን ይቅር፣ የኢትዮጵያ ሙስሊሞች እንባል አሉ፤ በዓሎቻችንም በአገር ደረጃ ይከበሩልን ሲሉ ጠየቁ። ክርስቲያን ወገኖችም አብረዋቸው ወጥተዋል። እስከዚያ ዘመን ዒድ በመንግሥት የቀን መቁጠሪያ ውስጥ ሥፍራ አልነበረውም፤ ሙስሊሙ የመንግሥት ሠራተኛ በገዛ በዓሉ ቀን ቢሮ ይገባ ነበር። በ1967 ዓ.ም. ዒድ አልፈጥር፣ ዒድ አልአድሓ (ዐረፋ) እና መውሊድ የሕዝብ በዓላት ሆነው ታወጁ።

አባቶቻችን ያን ዕለት የጠየቁት በዓላችን በስሙ እንዲጠራ ነው። በስሙ አለመጠራት ምን ያህል እንደሚያም የሚያውቅ ሕዝብ የሌላውን በዓል በስሙ ለመጥራት ለምን ይቸገራል? ባለሱቁ «ለፋሲካ» ብሎ ቢጽፍ የማን በዓል እንደሆነ ተናገረ እንጂ የእኔ ነው አላለም። እንዲያውም ስሙ ሲጠራ ባለቤቱ ይለያል። «ለበዓሉ» ማለትም ነውር አይደለም፤ ሁላችንም የምንለው ነው። ነገር ግን ስሙን ላለመጥራት ብለን ስንመርጠው ደንበኛው ያውቃል። እኛም ዒዳችን ሲደርስ ስሙን የሸሸ ሰላምታ ቢሰጠን እናውቃለን።

ስለ ግዴታ ደግሞ ቃሌ አጭር ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 27 ማንም በእምነቱ እንዳይገደድ ይደነግጋል። ሱቁ የእኔ ነው፤ የእህቴ ልጅ ምላስ ግን የእኔ አይደለም። ሠራተኛ ቀጥረህ «ይህን ቃል ካላልክ ትባረራለህ» ማለት አትችልም፤ ክርስቲያኑ ባለሱቅም ሙስሊሟን ሻጭ እንዲሁ ሊያስገድዳት አይችልም። በመውሊድ እንኳ በእኛው መካከል እንኳን አደረሰህ የሚልና የማይል አለ፤ በዚህም ተከባብረን እንኖራለን። ይሁንና ቃሉን የማይለው ሰው ፊቱን ማዞር የለበትም። «ደህና ዋሉ»፣ «በሰላም ይግቡ» የሚሉ ስንት ቃላት አሉን! ዕቃ መሸከምም አለ።

አሁን ወደ ታሪኬ ልመለስ። ዒድ ባለፈ በሦስተኛው ቀን እኚያ እናት ቤት ሄድኩ። ቡና አፈሉልኝ። «እማማ፣ ልጁ ልጅ ነውና ይቅር ይበሉት» ብዬ ጀመርኩ።

«የትኛው ልጅ?» አሉኝ።

«የእህቴ ልጅ ነዋ! የፋሲካ ዕለት ዝም ያለዎት።»

«ኧረ እሱስ ሃይማኖቱን መያዙ ነው፤ ጾም ላይ ነበር ብዬ ትቼዋለሁ» አሉኝ። ሲኒውን አስቀመጡና ቀጠሉ። «እኔን ያስቀየመኝ አንተ ነህ። ሐሙስ የጠየቅሁትን ሽንኩርት ቅዳሜ በኪሎ 5 ብር ጨምረህ ነው የሸጥክልኝ። ያው ሽንኩርት፣ ያው ጆንያ! ሃያ ዓመት ደንበኛህ ሆኜ በዓሌን ጠብቀህ?»

የምመልሰው አጣሁ። ዋጋውን የጨመረው ልጁ አልነበረም። ዓርብ ማታ በገዛ አፌ «ነገ ጨምር፣ በዓል ነው» ያልኩት እኔ ነኝ። ስለ ልጁ ምላስ ዘጠኝ ቀን ስጨነቅ ስለ ራሴ ሚዛን አንድ ቀን አላሰብኩም።

አንባቢ ሆይ! እኔን ወደዚህ መድረክ ያመጣኝ ይህ ነው። ጅምላው ሲወደድ ችርቻሮውም ይወደዳል፤ ይህ የገበያ ጠባይ ነው። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ዋጋ ተወደደ፣ ይተምኑልን ሲባሉ አልተመኑም። ነገር ግን እህልን ደብቆ ውድነትን መጠበቅን፣ ማለትም ኢሕቲካርን አውግዘዋል። በገበያ ሲያልፉም እጃቸውን ወደ እህል ክምር ውስጥ ከትተው ውስጡ እርጥብ ሆኖ ባገኙት ጊዜ፣ ሰው እንዲያየው ከላይ ለምን አላደረግከውም ሲሉ ሻጩን ጠይቀውታል፤ የሚያታልልም ከእርሳቸው ወገን እንዳልሆነ ነግረውታል። ያ ትምህርት የገዢውን ሃይማኖት አይጠይቅም። እርሳቸው ራሳቸው ወደ አኺራ ሲሄዱ የጦር ልብሳቸው በ30 ሷዕ ገብስ አንድ አይሁዳዊ ዘንድ በመያዣነት ተቀምጦ ነበር። ይህን ያህል የተማመነ ንግድ ከሌላ እምነት ሰው ጋር ነበራቸው ማለት ነው።

የእኔ ሽንኩርት እርጥብ አልነበረም፤ የተደበቀም አልነበረም። ቢሆንም በአሮጌ ዋጋ የገዛሁትን የጎረቤቴ በዓል ስለደረሰ ብቻ አስወደድኩት። ይህን አድርጌ በር ላይ በቀይና በአረንጓዴ ቀለም «እንኳን አደረሳችሁ» ብሰቅል ማንን አደርሳለሁ? ምላሴ ስለ ፋሲካ ቢናገር ወይም ዝም ቢል ዑለማእ ይለያዩበታል። በዓል ጠብቆ ጎረቤትን መጫንን መልካም ነገር ነው ያለ ግን አንድም አላጋጠመኝም።

በሚቀጥለው ዓመት፣ በ2015 ዓ.ም.፣ ፋሲካና ዒድ በአምስት ቀን ልዩነት ዋሉ። በሱቄ በር ላይ ጨርቅ አልሰቀልኩም። በካርቶን ላይ የሽንኩርትን፣ የዘይትንና የዱቄትን ዋጋ ጻፍኩና ከሥሩ «ለፋሲካና ለዒድ ዋጋ አልተጨመረም» የሚል አከልኩበት። ሁለቱም በዓላት በስማቸው ተጠሩ። የእህቴ ልጅ አሁንም በአቋሙ ነው፤ ቃሉን አይልም። እኚያ እናት ሲመጡ ግን «እማማ፣ በሰላም ዋሉ» ብሎ ሽንኩርታቸውን እስከ ቤታቸው ተሸከመላቸው። በዒድም ቀን እርሳቸው መጡ።

ውድ አንባቢ! ነጋዴ ከሆንክ በሚመጣው በዓል ዋዜማ በርህ ላይ ምን እንደምትጽፍ ከመጨነቅህ በፊት ሚዛንህንና የዋጋ ደብተርህን ተመልከት። ሸማች ከሆንክም ባለሱቁ ቃሉን ባይልህ ልቡን አትፍረድበት፤ አንተ ግን ጀምርለት። አላህ ንግዳችንን ሐላል፣ ጉርብትናችንን የሰላም ያድርግልን። አሚን።