ሞተራችሁ ለጥገና ተጠርቷል ወይ?

(የማኅበሩ ጸሐፊ በጠቅላላ ስብሰባ ላይ ካደረጉት ንግግር)



ባለሞተሮች ጆሮ ስጡኝ። ከፋብሪካ የወጣ ሁሉ ደኅና ነው ማለት አይደለም። ሕንድ አገር በ2014 ዓ.ም. የኤሌክትሪክ ሞተሮች በእሳት ቢያያዙ፣ በሚያዝያ ወር ኦኪናዋ የተባለው ፋብሪካ 3,215፣ ኦላ የተባለው 1,441 ሞተሮች ለፍተሻ ይመለሱ ብለው ባለቤቶቹን ጠሩ። ኦኪናዋ የላላ የባትሪ ማገናኛ ካለ በነፃ እጠግናለሁ አለ።

ታዲያ ጥሪው የሚደርሰው ስሙ በሻጩ መዝገብ ላለው ነው። ከሰው እጅ የገዛውን ማን ይጠራዋል? ስለዚህ የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው፣ ሊብሬ ከሌለውም ከራሱ ከብረቱ ላይ ጻፉና አስመጪውን ወይም ሻጩን «ይህ ተጠርቷል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ተጠርቶ ከሆነ እስኪጠገን አትንዱት፤ ባትሪውንም በየመንገዱ አታስፈቱ። ማታ በር ላይ ቻርጅ አታድርጉ፤ እሳት ቢነሳ መውጫችሁ እሱ ነው። ግድግዳችን እንደሆነ የጋራ ነው፤ የአንዱ ቤት እሳት ለሁላችን ይተርፋል።

ቁጥሩን ማንበብ ያስቸገረው ካለ እሑድ ጽሕፈት ቤት ይምጣ፤ አብረን እናያለን።