በር መክፈትና እሳት ማጥፋት
(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



እሳት የማጥፋት ሙያ ከሌሎች ሙያዎች የሚለይበት አንድ ነገር አለ። ሐኪም በሽተኛውን ደጋግሞ ይመረምራል፤ መሐንዲስም የሠራው ድልድይ ቢሰነጠቅ ተመልሶ ይለካዋል። የተቃጠለ ቤት ግን ዐመድ ሆኗልና ስለ ራሱ የሚመሰክረው ጥቂት ነው። በመሆኑም በዚህ ሙያ ዕውቀት ሲተላለፍ የኖረው ከአለቃ ወደ ምልምል፣ በቃልና በልምድ ነበር። ልምዱ ብዙውን ጊዜ የሚያዋጣ ነበር። ስሕተት በሆነበት ጊዜ ግን ስሕተቱን በዓይኑ ያየው ሰው ወጥቶ ለመናገር ያልታደለበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

እ.ኤ.አ. ሜይ 30 ቀን 1999 በዋሽንግተን ከተማ፣ ቸሪ ሮድ በተባለ መንገድ ላይ ከሚገኙ ተያያዥ ቤቶች በአንዱ እሳት ተነሣ። ቤቱ የተሠራው በተዳፋት ላይ ስለነበር፣ ከፊት ለፊት ሲታይ ከመሬት በታች የሆነው ክፍል በጓሮ በኩል ደጁ ከመሬት እኩል ነበር። እሳቱም የነበረው በዚህ በታችኛው ክፍል ነው። በፊት በር የገቡት ተከላካዮች ጢስ በሞላበት በላይኛው ወለል ላይ ሲሠሩ፣ በጓሮ በኩል የታችኛው ክፍል የመስተዋት በር ተከፈተ። በጓሮ የነበረው ቡድን እሳቱን አይቶ ውኃ ለመርጨት ፈቃድ ጠየቀ፤ ውስጥ ባልደረቦች አሉና ፈቃዱ አልተሰጠውም። ከውጭ የሚረጭ ውኃ እሳቱን ውስጥ ባሉት ላይ ይገፋዋል የሚለው እምነት በዚያ ጊዜ በሙያው ዘንድ የጸና ነበር። ጥቂት ቆይቶ እሳቱ ያለ ማንም ገፊ በውስጥ ደረጃው ሽቅብ ወጣ። ሁለት ተከላካዮች ሞቱ።

የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም ይህን ቃጠሎ በኮምፒዩተር እንደገና አስነሥቶ መርምሮታል፤ ዘገባውም እ.ኤ.አ. በ2000 ወጥቷል። ምርመራው እንዳሳየው እሳቱ በሩ እስኪከፈት ድረስ አየር አጥሮት ተዳክሞ ነበር። በሩ ሲከፈት ንጹሕ አየር ከታች ገባ፤ ክፍሉ በሙሉ ተቀጣጠለ፤ ደረጃውም እንደ ጢስ ማውጫ ሆኖ ከ800 የሴንቲግሬድ ዲግሪ በላይ የጋለውን ጋዝ ሰዎቹ ወዳሉበት ወለል ወሰደው። በታች የገባው አየር፣ በላይ የወጣውም እሳት አንድ መንገድ ይዘው ነበር፤ ተከላካዮቹ የቆሙት በዚያ መንገድ ላይ ነው።

የነገሩ መሠረት ለሳይንስ አዲስ አልነበረም። ቶርንተን የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1917፣ ኋላም ሃጌት የተባለ አሜሪካዊ በ1980 እንዳስረዱት፣ እንጨትም ይቃጠል ጨርቅ ወይም ፕላስቲክ፣ እሳቱ ለሚበላው ለእያንዳንዱ ኪሎግራም ኦክሲጅን የሚወጣው ሙቀት ያው 13.1 ሜጋጁል ገደማ ነው። ካዋጎዬ የተባለው ጃፓናዊም እ.ኤ.አ. በ1958 በክፍል ውስጥ ያለ እሳት የሚነድበትን ፍጥነት የሚወስነው የበሩና የመስኮቱ ስፋትና ቁመት መሆኑን አሳይቷል። የሀገራችን ቀጥቃጭ ይህን ያለ ቀመር ያውቀዋል፤ ፍሙ ያው ሆኖ ሳለ ብረቱን የሚያግለው ወናፉ ነውና። የሚያስገርመው ይህ ዕውቀት ከቤተ ሙከራ ወጥቶ የእሳት አደጋ መኪና ላይ እስኪሳፈር ድረስ ይህን ያህል ዘመን መውሰዱ ነው።

በዚህ መካከል የቤቱ ዕቃ ተለወጠ። አንደርራይተርስ ላቦራቶሪስ የተባለው የአሜሪካ ተቋም ሁለት የሳሎን ክፍሎችን ጎን ለጎን አቃጥሎ አነጻጽሯል። አንደኛው በጥንቱ የእንጨትና የጥጥ ዕቃ፣ ሁለተኛው በዛሬው የስፖንጅና የፕላስቲክ ዕቃ የተሞላ ነበር። አዲሱ ክፍል ከ4 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ሲቀጣጠል፣ አሮጌው ከ29 ደቂቃ በላይ ቆይቷል። የልዩነቱ ትርጉም ግልጽ ነው። የቀድሞው ተከላካይ የሚደርሰው እሳቱ ገና በማደግ ላይ ሳለ ነበር፤ የዛሬው የሚደርሰው እሳቱ የክፍሉን አየር በልቶ ጨርሶ፣ በጢስ ውስጥ አድፍጦ ሌላ አየር ሲጠብቅ ነው። የተዳከመ እሳት የጠፋ እሳት ይመስላል፤ ብዙዎችን ያታለለው ይህ ነው።

ይኸው ተቋም ኖርዝብሩክ፣ ኢሊኖይ በሚገኘው ቤተ ሙከራው ውስጥ ሁለት ሙሉ ቤቶችን ሠርቶ ደጋግሞ አቃጠላቸው። እ.ኤ.አ. በ2010 ይፋ በሆነው ውጤት መሠረት፣ በሩ ከተከፈተ በኋላ የቤቱ ውስጥ ለተከላካዩ የማይቻል እስኪሆን ድረስ የቀረው ጊዜ ፎቅ በሌለው ቤት 100 ሰኮንድ፣ ባለ አንድ ፎቅ በሆነው ሰፊ ቤት 200 ሰኮንድ ገደማ ነበር። መቶ ሰኮንድ ቱቦ ዘርግቶ፣ ውኃ ሞልቶ፣ በጢስ ውስጥ እየዳሁ እሳቱን ፈልጎ ለማግኘት ምን ያህል እንደሚበቃ ሥራውን የሠራ ሁሉ ይፈርደዋል። ስለዚህ በር መክፈት ራሱ አየር መስጠት መሆኑ ታወቀ። ከዚህም የተነሣ ቱቦው ካለፈ በኋላ በሩን ገርበብ አድርጎ የሚይዝ አንድ ሰው በደጁ ላይ ማቆም የስልቱ ክፍል ሆነ።

እ.ኤ.አ. በጁላይ 2012 የኒውዮርክ ከተማ እሳት አደጋ መሥሪያ ቤት ከሁለቱ ተቋማት ጋር ሆኖ፣ በገቨርነርስ ደሴት ላይ ሰው የማይኖርባቸውን 20 ቤቶች ለሙከራ አዋለ። እዚህ ላይ ያ የጸና እምነት ተፈተነ። በመስኮት ወደ ጣሪያው በቀጥታ የተለቀቀ ውኃ እሳቱን ወደ ሌላ ክፍል አልገፋውም፤ እንዲያውም በአጠገቡ ያሉትን ክፍሎች ጭምር አቀዘቀዘ። ይሁን እንጂ የቀድሞዎቹ ሰዎች ያዩትን ዋሽተዋል ማለት አይገባም። ሙቀት በላያቸው ሲመጣ በእርግጥ ተሰምቷቸዋል። ነገር ግን በዚያው ጊዜ በር ተከፍቶ ወይም መስኮት ተሰብሮ ነበር፤ አለዚያም አፈሙዙ ውኃውን እንደ ካፊያ በትኖ አየር አብሮ ይነዳ ነበር። ያዩት እውነት ነው፤ ምክንያቱን የሰጡት ግን ለውኃው ነው።

ለውጡ ያለ ተቃውሞ አላለፈም። ከደጅ ሆኖ ውኃ መርጨት የፈሪ ሥራ ነው ያሉ ነበሩ። ከዚህ የበለጠ ክብደት ያለው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ ውስጥ የቀረው ሰው ምን ይሆናል? ሙከራዎቹ በየክፍሉ ሙቀትንና መርዛም ጋዝን ስለለኩ ለዚህም መልስ አላቸው። በሩ በተዘጋ መኝታ ቤት ውስጥ ያለ ሰው፣ ኮሪደሩ ሰው የማያኖር በሆነበት ሰዓት እንኳ በሕይወት የመቆየት ዕድል አለው። ምርምሩ ወደ ውስጥ አትግቡ አላለም፤ ፈጥኖ የተረጨ ውኃ ፍለጋውን ያግዛል እንጂ አይተካውም። አዲሱን ስልት ከደጅ ለመቅረት ማመካኛ ያደረገ አለቃ ቢኖር ምርምሩን አላነበበውም።

የአሜሪካኑን ቁጥር እንዳለ ወደ አዲስ አበባ ማምጣት አይቻልም። የጭቃ ግድግዳና የቆርቆሮ ክዳን ያለው ቤት በየስንጥቁ አየር ያስገባል፤ እሳቱም እንደዚያ እንደ ታሸገው ቤት አይታፈንም። በአንጻሩ የስፖንጅ ፍራሹና ሶፋው፣ የናይለን መጋረጃው እዚህም ገብቷል፤ በብሎኬት ተሠርቶ በመስተዋት የተዘጋው ቤትም በዝቷል። የብዙው ቤት መስኮት በብረት ፍርግርግ የታጠረ ነው፤ በሩም ብረት ነው። በመጋዝ ወይም በፈርጣ የተፈለቀቀ የብረት በር ደግሞ ገርበብ አይልም፤ አንድ ጊዜ ከተከፈተ ተከፈተ ነው። እንግዲህ መቶው ሰኮንድ ይሁን ሌላ ቁጥር፣ መቆጠር የሚጀምረው በሩ ከተፈለቀቀበት ቅጽበት ነው፤ ውኃ የሞላው ቱቦም ከዚያ በፊት ደጃፉ ላይ መድረስ አለበት።