የተማሪ ነርስ ሳምንት፤ ትምህርት፣ የሆስፒታል ልምምድና የሰውነት እንቅስቃሴ



የነርስነት ትምህርት ከብዙ ሙያዎች ትምህርት የሚለይበት ዋናው ጠባይ፣ ተማሪው ገና ከመመረቁ በፊት ከሕሙማን አልጋ አጠገብ የሚቆም መሆኑ ነው። ጠዋት ስለ ልብና ስለ ሳንባ ሥራ የተማረው ወጣት ከቀትር በኋላ የደም ግፊት ይለካል፤ ቁስል ያጥባል፤ አልጋ ያነጥፋል፤ ተራው ሲደርስም አዳሪ ይሆናል። ከአዳር ሲወጣ ደግሞ ፈተና ይጠብቀዋል። በዚህ ሁሉ መካከል ለገዛ ሰውነቱ የሚተርፈው ጊዜ ምን ያህል ነው? የዚህ ንግግር ጉዳይ ይኸው ጥያቄ ነው።

የጊዜው ጥበት ትናንት የመጣ አይደለም። ፍሎረንስ ናይቲንጌል እ.ኤ.አ. በ1860 በለንደን ቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል ባቋቋሙት ትምህርት ቤት ተማሪዎች እየሠሩ ይማሩ ነበር። ይህ ሥርዓት በየአገሩ ሲስፋፋ ተማሪ እንደ ሠራተኛ ተቆጠረ፤ ትምህርቱም ከሥራ የተረፈውን ሰዓት የሚጠብቅ ሆነ። ልዕልት ፀሐይ በስደት ዘመን በለንደን የሕፃናት ሆስፒታል ተምረው እ.ኤ.አ. በ1939 በነርስነት ሲመረቁ ሥርዓቱ ገና የጸና ነበር። በብሪታንያ ተማሪውን ከሠራተኛ ቁጥር የሚያወጣው «ፕሮጀክት 2000» የተባለው የማሻሻያ ሐሳብ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። ስለዚህ ዛሬ ተማሪው «ጊዜ የለኝም» ሲል፣ ነገሩን የስንፍና ምልክት አድርጎ መውሰድ ከታሪኩ ጋር አይስማማም።

ብዙ ጊዜ የሚሰማ አንድ ክርክር አለ፤ ይኸውም «ቀኑን ሙሉ በእግሩ ሲመላለስ የዋለ ነርስ ስፖርት ምን ያደርግለታል?» የሚል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ፣ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ በተጨማሪም ቢያንስ በ2 ቀን ጡንቻን የሚያጠነክር ሥራ እንደሚያስፈልግ አስታውቋል። በሥራ ላይ የሚደረግ እንቅስቃሴም ይቆጠራል። ይሁን እንጂ የሕሙማን ክፍል መመላለስ ብዙውን ጊዜ ቀስ ያለና የሚቆራረጥ ነው፤ መቆም፣ ማጎንበስና ማንሣት ይበዛበታል፤ ሲደክሙም በፈቃድ ዐረፍ ማለት አይቻልም። ሰውነትን የሚያበረታው ግን ልብን ሞቅ የሚያደርግና ዕረፍት የሚከተለው እንቅስቃሴ ነው። በመሆኑም ድካምና ብርታት አንድ አይደሉም።

ለዚህ የሚያስፈልገው ጊዜ እንደሚታሰበው ብዙ አይደለም። ሳምንት 168 ሰዓት ሲሆን 150 ደቂቃ ሁለት ሰዓት ተኩል ብቻ ነው። መመሪያው እንቅስቃሴው በአንድ ጊዜ እንዲፈጸም አያስገድድም፤ ጠዋት 15 ደቂቃ፣ ማታ 15 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ በሳምንት አምስት ቀን ቢደረግ ይሞላል። ገመድ መዝለል፣ ደረጃ መውጣት፣ በግቢ ውስጥ መረብ ኳስ መጫወት ሁሉ ይጠቅማል። የሚጾም ተማሪ ደግሞ ጠንከር ያለውን ወደ ማፍጠሪያው ሰዓት ቢያቀርበው ይሻለዋል። ሴት ተማሪዎች በጨለማ መንገድ ላይ እንዲሮጡ መምከር ተገቢ ስላልሆነ፣ ትምህርት ቤቱ ብርሃን ያለው ስፍራ በግቢው ውስጥ ማዘጋጀት ይኖርበታል።

ነገር ግን ከእንቅስቃሴ የሚቀድም ነገር አለ፤ እርሱም እንቅልፍ ነው። አዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 7 ሰዓት መተኛት ይገባዋል። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ግድም የሰውነት ሙቀት ዝቅ ይላል፤ ንቃትም ይደክማል። የመድኃኒት መጠን የሚሳሳተው፣ መርፌ እጅን የሚወጋው እንዲህ ባለው ሰዓት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከአዳር የወጣ ተማሪ መጀመሪያ ይተኛ፤ ሲነሣ በፀሐይ ብርሃን ጥቂት ይራመድ፤ ሩጫውን ለሌላ ቀን ያቆየው።

ወገብም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በአሜሪካ በወጣ ስሌት መሠረት፣ ያለ መሣሪያ ሕሙምን ለማንሣት የሚፈቀደው ከፍተኛ ሸክም 16 ኪሎ ግራም ያህል ነው። ከዚህ ውሱን መጠን ጋር ሲነጻጸር አንድ አዋቂ ሕሙም ስንት እጥፍ እንደሚሆን ማንም ያውቃል። የጠነከረ ጡንቻ ይረዳል፤ ሆኖም የሁለተኛ ሰውን እጅ አይተካም። ተማሪውን «በርታ» ብሎ ብቻውን ማሸከም ወገቡን ከመመረቁ በፊት ማስረጀት ነው።

እንግዲህ ጉዳዩ በተማሪው ፈቃድ ብቻ የሚፈታ እንዳልሆነ ግልጽ ነው። የተራ ሠንጠረዥ የሚያወጡት፣ የፈተና ቀን የሚቆርጡት፣ በየክፍሉ ተማሪ የሚቀበሉት የዚህ ማኅበር አባላት ናቸው። ከአዳር ማግሥት ፈተና እንዳይውል ማድረግ፣ ሁለት ተማሪዎችን በአንድነት ማሠለፍ፣ በሳምንቱ ሠንጠረዥ ላይ የእንቅስቃሴ ሰዓትን እንደ ማንኛውም ትምህርት መጻፍ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። በሠንጠረዥ ላይ ያልተጻፈ ሰዓት ግን ሥራ ሲበዛ መጀመሪያ የሚወሰድ ሰዓት ነው።

ነርስ ለሕሙማን ስለ ዕረፍት፣ ስለ ምግብና ስለ እንቅስቃሴ ይመክራል። ምክሩን በራሱ ኑሮ ሊፈጽመው ያልቻለ ሰው ሲናገር ቃሉ ይቀልበታል። አገር ብዙ የደከመችበት ተማሪ በሠላሳ ዓመቱ ወገቡን ይዞ ከሙያው ቢወጣ፣ ጉዳቱ የእርሱ ብቻ አይደለም፤ ወደፊት በእጁ ይታከሙ የነበሩት ሕሙማን ጭምር ነው።