ደብዳቤያችን ሰው ቤት እያደረ እስከ መቼ?

(ከዝግጅት ክፍሉ፦ ከዚህ በታች የቀረበው እንጅባራ ላይ የእድር ጸሐፊዎች፣ መምህራንና ወጣቶች በተገኙበት ስብሰባ አንድ በሬዲዮና በኮምፒዩተር ጥገና የሚተዳደር የከተማው ተወላጅ ያደረገው ንግግር ነው። ድግግሞሹን ከማስቀረታችን በቀር እንዳለ አውጥተነዋል።)



ስለ ቴክኖሎጂ ትናገራለህ ተብዬ ነው የተጠራሁት። እኔ ግን የምጀምረው ሌባ ከተባልኩበት ቀን ነው።

ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። እድራችን ለሁለት የመማሪያ ክፍሎች ቆርቆሮ ሊያለብስ ተነሣ። ውጭ አገር ያሉት ልጆቻችን አዋጡ፤ እኔ ገንዘብ ያዥ ሆንኩ። ማን ስንት ላከ፣ ቆርቆሮው በስንት ተገዛ፣ ማን ፈረመ፣ ሁሉም ነገር አንድ የውጭ ኩባንያ በነጻ በሚሰጠው የኢሜይል ሣጥን ውስጥ ነበር። ሣጥኑ የተያያዘው ደግሞ ከአንድ የስልክ ቁጥር ጋር ነው። ሲም ካርዱን ትተነው ከርመን ኖሮ ቁጥሩ ለሌላ ሰው ተሸጧል። አንድ ቀን ጠዋት ሣጥኑን ልከፍት ስል «አንተ አንተ መሆንህን አረጋግጥ፤ ኮድ በስልክህ ልከናል» አለኝ። ኮዱ የደረሰው የማላውቀው ሰው ኪስ ውስጥ ነው!

ለኩባንያው ጻፍኩ። የመለሰልኝ ማሽን ነው። ደግሜ ጻፍኩ፤ አሁንም ማሽን። ሰው የሚባል ፍጡር አላገኘሁም።

የእድሩ ስብሰባ ደረሰ። «ደረሰኙ የት አለ?» ተባልኩ። «ሣጥኑ ውስጥ።» «ሣጥኑስ?» «ተቆልፏል።» መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ ዝም አሉ። እኔን የገደለኝ ዝምታው ነው። ሁለት ወር ሙሉ ቡና የጠጣሁበት ቤት ሁሉ ሰው በጎን እያየኝ ነው የከረምኩት። ኋላ ካዋጡት ልጆች አንዱ በእሱ በኩል የቀረውን ቅጂ ሁሉ አትሞ፣ ለጥር 23 የፈረሰኞቻችን በዓል በሚመጣ ሰው እጅ ሰደደልኝ። ሽማግሌዎች ፊት አንድ በአንድ ተነበበ። ነጻ ወጣሁ።

ግን እስቲ አስቡት፤ ያ ልጅ ደብዳቤዎቹን አጥፍቷቸው ቢሆንስ ኖሮ?

በአገራችን ፖስተኛ በር አያንኳኳም። ፖስታ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1886 ዓ.ም. ተጀመረ፣ በ1901 ዓ.ም. አገራችን የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ሆነች፤ እስከ ዛሬም አብዛኛው ሰው ደብዳቤ ከፈለገ ሣጥን ተከራይቶ ነው። ይሁን እንጂ የፖስታ ሣጥኑ ቁልፍ ኪሳችሁ ውስጥ ነው። ሣጥኑም ከተማችሁ ውስጥ ነው፤ ሠራተኛው ቢያስቸግራችሁ ፊቱን ታውቁታላችሁ፣ አባቱንም ታውቁታላችሁ። የነጻው ኢሜይል ሣጥን ግን ቁልፉም፣ ግድግዳውም፣ ውስጥ ያለውም የባለቤቱ ነው። እኛ እንግዶች ነን። እንግዳ ደግሞ «ውጣ» ሲባል ይወጣል፤ ምን ይደረግ።

እኔም የራሴን ፖስታ ቤት ቤቴ ውስጥ ልክፈት ብዬ ተነሣሁ። ጎረቤቶቼ አበደ አሉ። ነገሩ ግን እብደት አይደለም። ኢሜይል ሲፈጠር ማዕከል የለውም። ሬይ ቶምሊንሰን የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1971 ከአንድ ኮምፒዩተር ወደ ሌላ መልእክት ላከ፤ ጆን ፖስቴል የተባለው ደግሞ በ1982 ደብዳቤ የሚተላለፍበትን ደንብ ጽፎ አወጣ። ደንቡ ፖስታ ቤት ለመሆን የኩባንያ ፈቃድ አይጠይቅም። ደንቡን የሚያውቅ ማሽን ሁሉ ፖስታ ቤት ነው። የአሜሪካዋ ሂላሪ ክሊንተን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው ሲሠሩ ኢሜይላቸው ያረፈው መኖሪያ ቤታቸው በተቀመጠ ሰርቨር ላይ ነበር። (የመንግሥት ደብዳቤ ቤታቸው በማሳደራቸው መዘዙ እስከ ምርጫ ተከተላቸው፤ እኛ የምናሳድረው የእድር ደብዳቤ ነውና አትስጉ!)

ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። አዲስ አበባ በሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ ፓዲስ የሚባል ክፍል ነበር። በኛ አቆጣጠር በ1980ዎቹ፣ ቴሌ ኢንተርኔት መሸጥ ሳይጀምር፣ ይህ ክፍል በተራ ኮምፒዩተርና በሞደም ኢሜይል ያመላልስ ነበር። ደብዳቤውን ያጠራቅማል፤ በስልክ መስመር ይደውላል፤ ያለውን ያስረክባል፣ የመጣለትን ይቀበላል፤ ስልኩን ይዘጋል። የተጠቀመበት ፊዶኔት የሚባለው ዘዴ ነው፤ እሱን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1984 የፈጠሩት ኮምፒዩተር ወዳዶች በየቤታቸው ሆነው ነው። እንግዲህ ኢሜይል ወደ አገራችን የገባው በዚህ ዓይነቱ የቤት ሥራ ነው ማለት ይቻላል። ቴሌ የመጣው በጥር 1989 ዓ.ም. ነው።

አሁን ወደ ሥራው ልምጣ። ማሽኑ አሮጌ ላፕቶፕ ነው። ስክሪኑ የተሰነጠቀ፣ ሰው የጣለው። አዲስ ኮምፒዩተር አትግዙ፤ ላፕቶፕ የራሱ ባትሪ ስላለው መብራት ብልጭ ድርግም ሲል አይደነግጥም። በላዩ ሊኑክስ ጫንኩ፤ ነጻ ነው። ደብዳቤ የሚቀበለውና የሚልከው ፖስትፊክስ ይባላል፤ ከሣጥኑ አውጥቶ ስልካችሁ ላይ የሚያሳያችሁ ደቭኮት ይባላል። እነሱም ነጻ ናቸው። ሙቀት ላፕቶፕ ይገድላል ይባላል፤ እኛን የሚያንቀጠቅጠን የእንጅባራ ብርድ ግን ለሰርቨር መድኃኒት ነው።

ቀጥሎ ስም ያስፈልጋል፤ ዶሜይን ይሉታል። በዓመት ኪራይ የሚከፈልበት ይህ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ኪራዩን አትርሱ። ስሙ ካመለጣችሁ ሌላ ሰው ይገዛውና የእናንተን ደብዳቤ እሱ ይቀበላል፤ ያው የእኔ ሲም ካርድ ታሪክ ተመልሶ መጣ ማለት ነው። ስሙ ላይ «የዚህ ቤት ደብዳቤ ወደዚህ አድራሻ ይሂድ» የሚል መዝገብ ይጻፋል። እስከዚህ ያለው የአንድ ቅዳሜና እሑድ ሥራ ነው።

ጣጣው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ፖስታ ቤት አድራሻው ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ ሊሆን አይችልም። በሞባይል ዳታ የሚገባ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ለብቻው የሆነ አድራሻ የለውም፤ አንዱን አድራሻ ብዙ ሰው ይጋራዋል፣ ከውጭ የመጣ ደብዳቤ በሩን አያገኘውም። ስለዚህ የቤት መስመር ያስፈልጋል፤ ከተቻለም የማይለዋወጥ አይፒ አድራሻ። ሌላው ፖርት 25 የሚባለው በር ነው፤ ሰርቨርና ሰርቨር የሚነጋገሩት በእሱ ነው። ስፓም ለመከላከል ብለው ይህንን በር ለቤት ደንበኛ የሚዘጉ ድርጅቶች በዓለም ላይ ብዙ ናቸው። ገንዘብ ሳታወጡ በፊት ጠይቁ።

እኔ ልጠይቅ የሄድኩበትን ቢሮ ስም አልጠራም። «ቋሚ አድራሻ ፈልጌ ነበር» አልኩ። «ድርጅት ነህ?» «ሰው ነኝ።» «ታዲያ ሰው ምን ያደርግለታል?» ተባልኩ። ጌቶች ሆይ፣ ሰው ምን ያደርግለታል!

የመጨረሻው ግድግዳ መታመን ነው። ከቤት አድራሻ የሚነሣ ደብዳቤን ታላላቆቹ ኩባንያዎች በጥርጣሬ ያዩታል። የቤት አድራሻዎችን በጅምላ የሚመዘግቡ ጥቁር መዝገቦች አሉ፤ አንዱ ስፓምሃውስ የሚያዘጋጀው ነው። ምንም ሳታጠፉ እዚያ ውስጥ ትገኛላችሁ። መታወቂያ ማሟላት ያስፈልጋል፦ ኤስ.ፒ.ኤፍ. የሚባለው «በስሜ መላክ የሚችለው ይህ ማሽን ብቻ ነው» ይላል፤ ዲኪም የሚባለው በየደብዳቤው ላይ ማኅተም ያሳርፋል፤ ዲማርክ የሚባለው ደግሞ ማኅተም የሌለው ሲመጣ ምን ይደረግ የሚለውን ያዛል። ጉግልና ያሁ እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2024 ጀምሮ ደንባቸውን አጥብቀውታል። አይፒ አድራሻው ሲጠየቅ ስማችሁን መልሶ መጥራትም አለበት፤ ይህንን የሚጽፈው የመስመሩ ባለቤት እንጂ እናንተ አይደላችሁም። ወደ ቢሮው ተመለሱ ማለት ነው፤ «ሰው ምን ያደርግለታል?»

እኔ ስንት ወር ታግዬ ተሸነፍኩ። የምልከው ደብዳቤ ስፓም ውስጥ እየገባ፣ አሥመራጭ ኮሚቴው መልስ አጣን እያለ ሲጨቃጨቅ ተውኩት። አሁን የሚመጣውን ቤቴ እቀበላለሁ፤ የሚሄደውን ግን ጥቂት ገንዘብ እየከፈልኩ በሌላ አስተላላፊ ሰርቨር በኩል እልካለሁ። ይህንን ሳልደብቅ የምነግራችሁ «ሁሉንም ራሴ ሠራሁ» የሚል ጉረኛ ቢያጋጥማችሁ እንዳትሳሳቱ ነው። እኔ የፈለግሁት መዝገቡ እጄ ላይ እንዲቀር ነበር፤ እሱ ቀርቷል።

ስለ መብራት ሳልናገር ብወርድ ትስቁብኛላችሁ። ደብዳቤ ላኪው ሰርቨር በራችሁ ተዘግቶ ሲያገኝ ወዲያው አይመልሰውም። በደንቡ መሠረት እየተመላለሰ ያንኳኳል፤ ቢያንስ አራት አምስት ቀን ይሞክራል። አንድ ጊዜ መብራት ለሦስት ቀን ጠፍቶብኝ፣ በመጣ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሦስት ቀን ደብዳቤ ተንጋግቶ ገባ። አንድም አልጠፋም። ራውተሩን ከመኪና ባትሪ ጋር አያይዤዋለሁ። ሶላርስ አትሉም? በእንጅባራ ክረምት ፀሐይን ማን አይቷት!

ነገር ግን አራት አምስት ቀን የሚበቃው ለመብራት ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ ሲታወጅ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት መቋረጡን፣ በብዙ ቦታም ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ሳይመለስ መቆየቱን እናንተው ታውቃላችሁ። እንዲህ ባለ ጊዜ የቤት ሰርቨር አያድንም። ደብዳቤው «ቤቱ የለም» ተብሎ ወደ ላኪው ይመለሳል። መፍትሔው ሌላ ከተማ ወይም ሌላ አገር የሚኖር የምታምኑት ሰው ዘንድ ሁለተኛ ተቀባይ ማቆም ነው፤ እሱ ያጠራቅምላችኋል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ሰርቨሩ ግቢያችሁ ውስጥ ካለ፣ የውጭው መስመር ቢቆረጥም በዚያው ዋይፋይ ላይ ያላችሁ ሰዎች እርስ በርሳችሁ ትጻጻፋላችሁ፤ የድሮውንም ደብዳቤ ታነባላችሁ። የውጭ ሣጥን ያለው ሰው ግን የገዛ ደረሰኙን እንኳን ማየት አይችልም። የቆርቆሮው ነገር ያን ጊዜ ቢሆን ኖሮ እኔ ሽማግሌ ፊት ምን ይዤ እቀርብ ነበር?

ጥፋቴንም ልናዘዝ። ባክአፕ አለኝ እያልኩ ስፎክር፣ የባክአፑን ዲስክ ያስቀመጥኩት ከላፕቶፑ አጠገብ፣ በአንድ ማከፋፈያ ላይ ነበር። መብራት ከፍ ብሎ መጣና ሁለቱንም አነደዳቸው። የአራት ወር ደብዳቤ ጠፋ። ኩባንያውን ስወቅስ ከርሜ እኔው ራሴ ያንኑ ሠራሁት! አሁን ሁለተኛው ዲስክ ዳንግላ እህቴ ቤት ሣጥን ውስጥ ነው፤ በየወሩ ለገበያ ስወርድ እቀይረዋለሁ። ለእድሩም ዋናውን ደረሰኝ በወረቀት አትመን እናስቀምጣለን። ወረቀትን አትናቁ።

አንድ ወጣት ቅድም በጆሮዬ «ይሄ ነገር አያሳስርም ወይ?» ብሎኛል። ጥያቄው የፈሪ ጥያቄ አይደለም። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. የዞን 9 ጦማርያንና ሦስት ጋዜጠኞች ሲታሰሩ፣ በሽብር ክሱ ላይ ከቀረበባቸው ነገር አንዱ ኢሜይልንና ኮምፒዩተርን ከሰላይ እንዴት መጠበቅ እንደሚቻል መሠልጠናቸው ነበር። በር መቆለፍ መማር ወንጀል ሆኖ ተጻፈ ማለት ነው። ከፊሎቹ በ2007 ክሳቸው ተቋርጦ ተፈቱ፤ የቀሩት በጥቅምት 2008 ከሽብር ክሱ ነጻ ናቸው ተባሉ። ያ የሽብር አዋጅ በ2012 ዓ.ም. በሌላ ተተክቷል፤ በ2016 ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ወጥቷል። ወረቀቱ እንግዲህ ደብዳቤህ የአንተ ነው ይላል። ቢሮዎቹ ወረቀቱን አንብበውት እንደሆነ እነሱን ጠይቁ።

ደግሞም ሰርቨሩ ቤቴ ነው ብላችሁ አትኩራሩ። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2017 ባወጣቸው ዘገባዎች በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ጋዜጠኞችና ተቃዋሚዎች በስለላ ፕሮግራም እንዴት እንደታደኑ አሳይቷል። ብዙውን ጊዜ ወጥመዱ የመጣው የሚያውቁት ጉዳይ በሚመስል ኢሜይል ውስጥ ነው። ሣጥኑ የእናንተ ቢሆንም ውስጡ የገባውን እባብ በእጃችሁ ከያዛችሁት መንደፉ አይቀርም። የማታውቁትን አባሪ አትክፈቱ፤ ፓስወርዳችሁን የልጃችሁን ስም አታድርጉ።

ለሁሉም ቤት አልመክርም። በሳምንት አንድ ምሽት ለማሽኑ መስጠት የማይችል ሰው ይተወው፤ ያልተጠበቀ ሰርቨር የስፓም ላኪዎች መጫወቻ ይሆናል። ለአንድ እድር፣ ለአንድ ማኅበር፣ ለአንድ ትምህርት ቤት ግን አንድ ማሽንና ሁለት የሚያውቁ ልጆች ይበቃሉ። ሁለት ያልኩት አንዱ ቢታመም ወይም አገር ቢለቅ ቁልፉ አብሮት እንዳይሄድ ነው። ቴሌ ለሃያ አምስት ዓመት ያህል ብቻውን ነግሦበታል፤ በ2013 ዓ.ም. ሳፋሪኮም ፈቃድ አግኝቶ ሁለተኛ ሆነ። ሁለት ካሉ እንግዲህ ሁለቱንም በጽሑፍ እንጠይቃቸው፦ ለተራ ሰው ቋሚ አድራሻ ስንት ነው? ፖርት 25 ክፍት ነው ወይስ ዝግ? የአድራሻውን ስም ማን ይጽፍልናል? ደብዳቤውን እኔ አርቅቄዋለሁ። በር ላይ ካለው ጠረጴዛ ላይ ታገኙታላችሁ፤ የሚፈርም ይፈርም።

ላፕቶፑንም ይዤው መጥቻለሁ። አሁን መብራት አለ፤ ሳይሄድብን ጥያቄ ያላችሁ ቶሎ ቶሎ ጠይቁ።