«በሕግ አምላክ» ሲባል የሚቆም አለ?
(በማኅበራችን 25ኛ ዓመት የብር ኢዮቤልዩ በዓል ላይ ናይሮቢ የቀረበ ንግግር)

ክቡራን እንግዶች፣ የማኅበራችን መሥራች አባቶችና እናቶች፣ ውድ ወገኖቼ፣ እንዲሁም እዚህ የተወለዳችሁ ልጆቻችን፤

የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ የሰጠኝ ርእስ «ኬንያ በነፃነቷ ቀን የገባችውን የዴሞክራሲ ቃል ጠብቃለች ወይ?» የሚል ነው። አንዳንዶቻችሁ «እኛ እንግዶች ነን፤ የባለቤቱን ጓዳ ምን አገባን?» ትሉ ይሆናል። ሆኖም ጣራው ሲያፈስ እንግዳውም ይረጥባልና ጥያቄው እኛንም ይመለከታል። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ቃሉ ምን ነበር? ኬንያ ታኅሣሥ 12 ቀን 1963 ነፃ ስትወጣ የያዘችው ሕገ መንግሥት ሁለት ምክር ቤቶች፣ የየራሳቸው ጉባኤ ያላቸው ክልሎች፣ ከአንድ በላይ ፓርቲዎችና የዜጎች መብት የተዘረዘረበት ምዕራፍ ነበረው። የብሔራዊ መዝሙሩ ዜማ እንኳ የተወሰደው ከፖኮሞ ሕዝብ የእሹሩሩ ዜማ ነው። ሐሳቡ አገሪቱ የትንሹም የትልቁም እንድትሆን ነበር።

ይህ ቃል የፈረሰው በአንድ ሌሊት ወይም በታንክ አይደለም። አንቀጽ በአንቀጽ፣ በሕግ ስም ተሸራረፈ። የክልሎቹ ሥልጣን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተገፈፈ። በ1966 ሁለተኛው ምክር ቤት ቀረ፤ በዚያው ዓመት ያለ ፍርድ ማሰር የሚፈቅድ ሕግ ወጣ። በ1969 የኦጊንጋ ኦዲንጋ ተቃዋሚ ፓርቲ ታገደ፤ እርሳቸውም ታሰሩ። በ1982 ካኑ ብቸኛው ሕጋዊ ፓርቲ መሆኑ በሕገ መንግሥቱ ተጻፈ። በ1988 ደግሞ በካኑ የእጩዎች ምርጫ የምስጢር ድምፅ ቀርቶ መራጩ ከሚፈልገው እጩ ወገን ኋላ በአደባባይ እንዲሰለፍ ተደረገ። በዚሁ ዓመት ዳኞች ያለ አግባብ እንዳይነሱ የሚጠብቃቸው ድንጋጌ ተሰረዘ።

ኒያዮ ሀውስን የማያውቅ በመካከላችን የለም። ለመኖሪያ ፈቃድ ስንት ጊዜ ተሰልፈንበታል! በ1980ዎቹ የዚያ ሕንፃ ምድር ቤት መምህራን፣ ተማሪዎችና ጋዜጠኞች በፖለቲካ ተጠርጥረው የሚሰቃዩበት እስር ቤት ነበር። በ2003 ተከፍቶ ለሕዝብ ታየ። ከላይ ማኅተም ይመታል፣ ከታች ሰው ይገረፋል። ቃል የፈረሰበት አገር መልኩ ይህን ይመስላል።

ታዲያ ማን መለሰው? ሥልጣን የያዙት በፈቃዳቸው አልመለሱትም። ሐምሌ 7 ቀን 1990፣ ኬንያውያን «ሳባ ሳባ» በሚሉት ቀን፣ ሕዝቡ ተከልክሎም አደባባይ ወጣ፤ ሰዎችም ሞቱ። በታኅሣሥ 1991 የአንድ ፓርቲው አንቀጽ ተሰረዘ። በታኅሣሥ 2002 ምርጫ ካኑ ተሸነፈ፤ 24 ዓመት የገዙት ፕሬዚዳንት ሞይም ሥልጣናቸውን በኡሁሩ ፓርክ ለምዋይ ኪባኪ አስረከቡ።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ሁሉ ለጥ ያለ ሜዳ አልሆነም። ከታኅሣሥ 2007 ምርጫ በኋላ ከ1,100 በላይ ሰዎች ተገደሉ፤ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ተፈናቀሉ። ጎረቤት በጎረቤቱ ላይ ተነሣ። ለምን? ብዙ ምክንያት አለው፤ የመሬት ቂም አለ፣ የፖለቲከኞች ቅስቀሳ አለ። ዋናው ግን ተሸናፊው ወገን «ፍርድ ቤት ሂድ» ሲባል ፍርድ ቤቱን ማመን አለመቻሉ ነው። ዳኛ ሲጠፋ ገጀራ ዳኛ ይሆናል።

በነሐሴ 2010 የጸደቀው አዲሱ ሕገ መንግሥት ከዚህ መከራ የተገኘ ትምህርት ነው። 47 አውራጃዎች የራሳቸውን አስተዳደር አገኙ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተቋቋመ። መስከረም 1 ቀን 2017 ያ ፍርድ ቤት በስድስት ዳኞች ተሰይሞ፣ በአራት ለሁለት ድምፅ የፕሬዚዳንቱን ምርጫ ሰረዘ። በአፍሪካ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ፕሬዚዳንቱ በውሳኔው ተቆጡ፣ ግን ተገዙለት፤ ምርጫው ተደገመ። በድጋሚው ምርጫ ተቃዋሚው ባይሳተፍም፣ ደምም ቢፈስም፣ ያ ቀን ሊረሳ አይገባም።

በአገራችን ድሮ ሁለት ሰዎች ሲጣሉ አንዱ «በሕግ አምላክ!» ካለ ጉልበተኛውም ዱላውን አውርዶ ይቆም ነበር። እኔ አገርን የምለካው በዚህ ነው። መጀመሪያ የተጻፈው ቃል ማማሩ ብቻ አይበቃም፤ ደካማው «በሕግ አምላክ» ሲል የሚቆም ባለሥልጣን አለ ወይ?

በዚህ መለኪያ ኬንያ አንዳንዴ ቆማለች፣ አንዳንዴ አልቆመችም። በሰሜን፣ ከሞያሌያችን ባሻገር ባለው ምድር፣ የነፃነቱ ቃል ለረጅም ዓመታት አልደረሰም ነበር፤ በየካቲት 1984 በዋጋላ የሶማሌ ተወላጆች በጸጥታ ኃይሎች ተጨፍጭፈዋል። የመንግሥት ይቅርታ የተሰማው በ2015 ነው። በሰኔ 2024 ወጣቶች የግብር ረቂቁን ተቃውመው ሲወጡ ረቂቁ ቀረ፤ ነገር ግን በተቃውሞው በደርዘን የሚቆጠሩ ሰዎች ተገደሉ፤ ሌሎችም ታፍነው ተወሰዱ። ሕገ መንግሥቱ በሰላም የመሰለፍን መብት ለሁሉም ሰው ሰጥቶ ሳለ ይህ ሆነ።

ስለዚህ መልሴ የሚከተለው ነው፦ ኬንያ ቃሏን አልፈጸመችም፤ ቃሉን የሚያስታውሱ ልጆች ግን አላጣችም። በእያንዳንዱ ትውልድ የተወሰደውን የሚጠይቅ ተነሥቷል፤ ዋጋውንም የከፈለው እርሱ ነው።

ለእኛስ ምን ይረባናል? የምርጫ ካርድ የለንም፤ በምርጫ ዘመንም ለማንም ወገን ጭብጨባ አዳማቂ መሆን አይገባንም። ነገር ግን ይህ ሕገ መንግሥት በብዙ ቦታ «ዜጋ» ሳይሆን «ማንኛውም ሰው» ይላል። የተያዘ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ፣ የሥራ ቀን ካልሆነም በሚቀጥለው የችሎት ቀን፣ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። ቋንቋውን ለማያውቅ ተከሳሽ አስተርጓሚ ያለ ክፍያ ይቆምለታል። ማንኛውም ሕፃን መሠረታዊ ትምህርት በነፃ የማግኘት መብት አለው። ከመካከላችን በኢስትሊ መንገድ ላይ ተይዞ «ሻይ» ካልከፈልኩ አልለቀቅም ብሎ የሚያምን ስንት አለ? መብቱን ስለማያውቅ ይከፍላል፤ ስለሚከፍልም ነገ ሌላው ወገናችን ይያዛል።

ስለዚህ ማኅበራችን በሚቀጥሉት 25 ዓመታት ከዕድርና ከበዓል ድግስ ጎን አንድ ሥራ እንዲጨምር አሳስባለሁ፦ እነዚህን አንቀጾች በአማርኛ አስተርጉሞ በየቤቱ ያድርስ፤ ለተያዘ ወገንም ጠበቃ የሚያቆም አነስተኛ መዋጮ ይጀምር። ልጆቻችንም በትምህርት ቤት የሚማሩትን የኬንያ ታሪክ ለእኛ ለወላጆቻቸው ያንብቡልን።

«በሕግ አምላክ» ለማለት መጀመሪያ ሕጉን ማወቅ ያስፈልጋልና።

ለ50ኛው ዓመት በዓል በጤና ያድርሰን።