የኤሌክትሪክ መስክ በሰሜን ተራሮች ግርጌ



በመካነ ብርሃን ገጠር ከብት ስጠብቅ፣ ደመና ሲከብድ ከአንዲት ብቸኛ ዛፍ ሥር እጠለል ነበር። ምን ያህል ተሳስቼ እንደ ነበር የተረዳሁት የኤሌክትሪክ መስክን ከተማርሁ በኋላ ነው።

መስክ ማለት በአንድ ነጥብ ላይ በተቀመጠ ትንሽ ፖዘቲቭ ቻርጅ ላይ የሚያርፈው ኃይል ለቻርጁ መጠን ሲካፈል የሚገኘው ነው፤ አቅጣጫም አለው። ያን ቻርጅ ብናነሣው እንኳ መስኩ በቦታው ይኖራል። ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚስተው ይህንን ነው።

ሰማዩ በጠራ ቀን ከምድር አጠገብ ያለው መስክ በሜትር 100 ቮልት ያህል ነው። ታዲያ ከእግር እስከ ራስ ያለው ልዩነት ለምን አይነዝረንም? ሰውነታችን አስተላላፊ ስለሆነ በላዩ ያለው ቻርጅ ተዛውሮ ልዩነቱን ያጠፋዋል፤ መስኩም ከራሳችን በላይ ይጠነክራል። ነጎድጓዳማ ደመና ሲያንዣብብ በሜትር እስከ 10,000 ቮልት ሊደርስ ይችላል፤ ብቸኛ ዛፍ ወይም በተረተር ላይ የቆመ እረኛ ደግሞ መስኩን በጫፉ ያከማቻል። ደረቅ አየር በባሕር ወለል በሜትር 3 ሚሊዮን ቮልት ገደማ ሲደርስ ይበሳል፤ በእኛ ደጋ አየሩ ስስ ስለሆነ ከዚያ ያነሰ ይበቃዋል።

በተረተር ላይ ሳላችሁ ፀጉራችሁ ከቆመ፣ መስኩ እናንተው ላይ ተከማችቷል፤ ፈጥናችሁ ውረዱ፣ ከዛፍም ራቁ።